ቀበቶ፣ ገመድ፣ መልሕቅ፦ በብረት ማማ ላይ የሚወጣን ሰው ከመውደቅ የሚጠብቁ መሣሪያዎች ታሪክና የስያሜያቸው ችግር

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። ረቂቁ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል በሚያስተላልፉ የብረት ማማዎች ላይ የሚወጡ ሠራተኞች የመጠበቂያ ገመዳቸውን እንዴት እንደሚዘረጉና ራሳቸውን ከመውደቅ እንዴት እንደሚጠብቁ የሚያስረዳ የሥራ መመሪያ ነው። ተርጓሚው ቋንቋውን የተካነ ሰው መሆኑ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይታያል፤ ዐረፍተ ነገሩ ይፈስለታል፣ ሥርዓተ ነጥቡም የተጠበቀ ነው። ሆኖም ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ «ሠራተኛው ቀበቶውን ታጥቆ ከመልሕቁ በተዘረጋው የማይንቀሳቀስ ገመድ ላይ ይታሰር» የሚል ትእዛዝ አገኘን። በሰዋስው ረገድ አንዳች ነቀፋ አይገኝበትም። ነገር ግን ትእዛዙን ቃል በቃል የሚፈጽም ሠራተኛ ቢኖር ወገቡን ብቻ ታጥቆ፣ ባልሆነ ገመድ፣ ባልሆነ ቦታ ታስሮ ወደ ላይ ይወጣል። የምንጩ ጽሑፍ ያዘዘው ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን አቅፎ የሚይዝ መሣሪያ እንዲለብስ፣ ሲሳብ እምብዛም በማይለጠጥ ገመድ እንዲጠቀም፣ ገመዱም ከሠራተኛው ራስ በላይ ባለ ጽኑ ቦታ እንዲታሰር ነበር። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቃላት ስተዋል፤ ሦስቱም የሰው ነፍስ የተንጠለጠለባቸው ናቸው።

ተርጓሚውን ለመውቀስ አልተነሣንም። ጉዳዩን ስንመረምረው ስሕተቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን ስያሜዎቹ ራሳቸው ይዘውት የመጡት ሆኖ አግኝተነዋል። መሣሪያው ሲለወጥ ስሙ ሳይለወጥ ቀርቷል፤ አለዚያም አንድ ስም ለተለያዩ መሣሪያዎች ሲያገለግል ኖሯል። ይህም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን መሣሪያዎቹ በተፈለሰፉባቸው አገሮች ቋንቋዎች ዘንድ የደረሰ ነገር ነው። የሙያ ቃል የሚያወጣ ሰው መዝገበ ቃላቱን ከማገላበጡ በፊት የዕቃውን ታሪክ ማወቅ ይኖርበታል ብለን እናምናለንና፣ ከዚህ በታች ታሪኩን በአጭሩ እንከተላለን።

በአገራችን ሰውን ከመውደቅ ስለሚጠብቅ ገመድ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታወሰው ደብረ ዳሞ ነው። በትግራይ የሚገኘው ይህ ጥንታዊ ገዳም በስድስተኛው መቶ ዓመት ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ አረጋዊ እንደ ተመሠረተ በትውፊት ይነገራል፤ እርሳቸውም ወደ አምባው የወጡት በዘንዶ ተይዘው ነው ይባላል። ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጣው 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ገደል በገመድ በመውጣት ነው። ወጪው በእጁ የሚጨብጠው ከቆዳ የተገመደ ወፍራም ገመድ አለ። ከዚህም ሌላ ወገቡ ላይ የሚታሰር ሁለተኛ ገመድ አለ፤ ይህንን ከላይ ያለው መነኩሴ ወጪው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ራሱ ይስበዋል። ለሙያ ቃል አጥኚ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ገመዶች ከአንድ ዓይነት ቆዳ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን ፍጹም የተለያየ ነው። በአንደኛው ሰው ይወጣል፤ ሁለተኛው ሰውን ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው በየራሳቸው ቦታ የታሰሩ ቢያንስ ሁለት ገመዶች፣ አንድ የሥራ ገመድና አንድ የደኅንነት ገመድ፣ እንዲኖሩት ሲደነግግ፣ የደብረ ዳሞ መነኮሳት ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት የኖሩትን ልዩነት በሕግ አጻፈ ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንዲት የፊደል ነገር እናንሣ። «ገመዱ ይጠብቃል» ብለን ብንጽፍ አንባቢው ሁለት ነገር ሊያነብ ይችላል፤ ብ ጠብቆ ሲነበብ ገመዱ ሰውየውን ይጠብቃል፣ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ገመዱ ይከርራል ማለት ይሆናል። ጽሑፋችን ማጥበቂያ ምልክት ስለሌለው ሁለቱን አይለይም። በደብረ ዳሞ ግን ነገሩም ቢሆን አንድ ነው፤ ሁለተኛው ገመድ የሚጠብቀው ስለማይላላ ነው። መነኩሴው መሳቡን ትቶ ገመዱ ሁለት ሜትር ቢላላ፣ ሰውየው ቢያዳልጠው ሁለት ሜትር ወድቆ በወገቡ ይንጠለጠላል፤ ይህም ምን እንደሚያስከትል ወደ ኋላ እናያለን።

የአማርኛ የገመድ ቃላት በቁጥር ጥቂት አይደሉም። ከቆዳ የሚቀደደው ጠፍር አለ፤ ጭነት የሚታሰርበት መጫኛ አለ፤ ሲባጎ፣ ቃጫና ሸምቀቆ አሉ። በግእዝ ገመድ ማለት የነበረው ሐብል በአማርኛ የአንገት ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። ቃላቱ ይኑሩ እንጂ «ገመድ» ሁሉንም ስለሚጠቀልል ተርጓሚ ቸኩሎ ሲሠራ እጁ ወደዚያ ይሄዳል። ገመድን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማሳየት ከአውሮፓ ተራሮች አንድ ታሪክ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 1865 በኤድዋርድ ዊምፐር መሪነት ሰባት ሰዎች ማተርሆርን የተባለውን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፉ ደረሱ። ሲወርዱ አንዱ አዳለጠውና ሌሎቹን ጎተተ፤ ገመዱ ከመካከል ተበጠሰ፤ አራቱ ሞቱ፣ ሦስቱ ተረፉ። ዊምፐር እንደ ጻፈው ቡድኑ ሦስት ዓይነት ገመድ ይዞ ነበር፤ የተበጠሰው ከሦስቱ ደካማውና ቀጭኑ፣ ሰው ሊታሰርበት የማይገባው ነው። ቁራጩ ዛሬ በዘርማት ከተማ ሙዚየም ይታያል። ሦስቱም «ገመድ» ነበሩ።

ከእነዚያ ገመዶች አንዱ የማኒላ ገመድ የተባለው ነበር። እንግሊዞች የማኒላ ሄምፕ ይሉታል፤ ነገር ግን ከሄምፕ ተክል ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። የሚሠራው አባካ ከተባለው የፊሊፒንስ ተክል ነው፤ አባካ የሙዝ ወገን ሲሆን የእኛው እንሰትም የዚያው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ በአማርኛ «የማኒላ ቃጫ» ብንል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ስም ይሆናል። መቼም ትርጉም ከምንጩ የሚሻልበት ጊዜ እምብዛም አይገኝምና ይህንን ሳንጠቅሰው ማለፍ አልፈለግንም። የቃጫ ገመድ ርጥበት ያበሰብሰዋል፣ ፀሐይ ያደክመዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ብዙም አይለጠጥምና የወደቀን ሰው ሲይዝ ኃይሉን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሰውየው አካል ይመልሰዋል።

ይህን የለወጠው ናይሎን ነው። ናይሎን እ.ኤ.አ. በ1935 በዱፖንት ኩባንያ በዋላስ ካሮዘርስ የምርምር ቡድን ተገኘ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህም የገመድ ዋነኛ ጥሬ ዕቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤደልሪድ የተባለው የጀርመን ድርጅት ከውስጥ ሸክሙን የሚሸከም ክር፣ ከውጭ ደግሞ ክሩን ከመፋቅ የሚጠብቅ የተሸረበ ሽፋን ያለውን ገመድ ሠራ። ጀርመኖች ሁለቱን ክፍሎች ፍሬና ካባ በማለት ይጠሯቸዋል፤ እኛ «ልብ»ና «ልባስ» ብንላቸው የሚሻል ይመስለናል፤ ሠራተኛው ልባሱ ተቀዶ ልቡ የታየ ገመድ መጣል እንዳለበት ስሙ ራሱ ይነግረዋልና። ከዚህ በኋላ ገመዶች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ሰው ሲወድቅ በጣም እየተለጠጠ ግጭቱን የሚያለዝብ ሲሆን ተራራ ወጪዎች ይጠቀሙበታል፤ ሁለተኛው ለሥራ የሚዘረጋና እምብዛም የማይለጠጥ ነው። እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን ዳይናሚክ፣ ሁለተኛውን ስታቲክ አላቸው። የረቂቃችን ተርጓሚ ስታቲክን ከፊዚክስ መጽሐፍ በሚያውቀው ፍቺ ወስዶ «የማይንቀሳቀስ» አለው። ገመዱ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ይጠቀለላል፣ ይወረወራል፤ የማያደርገው መለጠጥን ነው። የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር 1891 በርእሱ ላይ ስታቲክ የሚለውን ቃል ሳይጠቀም «ልጥጠቱ ዝቅተኛ የሆነ» በማለት ይገልጸዋል። ስለሆነም «ተለጣጭ ገመድ»ና «ዝቅተኛ ልጥጠት ያለው ገመድ» እንዲባሉ ሐሳብ እናቀርባለን። ሁለተኛው ስያሜ ረጅም ነው ቢባል እውነት ነው፤ አጭሩ ግን ያሳስታል።

ወደ ብረቱ እንመለስ። ትላልቅ የብረት ሥራዎች በተጀመሩበት ዘመን ሠራተኛን የሚይዝ ገመድ አልነበረም ማለት ይቻላል። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1890 የተሠራውን የፎርዝ ድልድይ የሠሩ ሰዎች ከባሕሩ በላይ ሲሠሩ፣ የሚወድቁትን ለማንሣት ከሥር የቀዘፋ ጀልባዎች ይጠብቁ ነበር። ጀልባዎቹ ስምንት ሰዎችን አድነዋል፤ በኋላ በተደረገ ጥናት በሥራው የሞቱት 73 መሆናቸው ታውቋል። በሳን ፍራንሲስኮ የጎልደን ጌት ድልድይ ሲሠራ ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ከ130,000 ዶላር በላይ ወጪ አስደርጎ ከድልድዩ ወለል በታች መረብ አዘረጋ። መረቡ 19 ሰዎችን ቀለበ፤ እነርሱም ራሳቸውን የሲኦልን መንገድ እኩሌታ የሄዱ ሰዎች ማኅበር ብለው ሰየሙ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1937 አንድ የሥራ መድረክ ተገንጥሎ ሲወድቅ መረቡን ይዞት ሄደ፤ አሥር ሰዎችም ሞቱ።

«ቀለበ» ያልነው ሆን ብለን ነው። የሙያው ጽሑፍ በግልጽ የሚለያቸው ሁለት አሠራሮች አሉ። አንደኛው ሰው ከመጀመሪያውም ወደ ዳር እንዳይደርስ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ሰው ከወደቀ በኋላ አየር ላይ ይይዘዋል። በአማርኛ ሁለቱንም «የውድቀት መከላከያ» ማለት ተለምዷል። ይህ ስም ሁለት ጉድለት አለበት። «ውድቀት» በቋንቋችን የአዳም፣ የመንግሥት ወይም የነጋዴ ነው እንጂ ከማማ ላይ የሚዘረገፍ ሰው አይደለም፤ ለእርሱ «መውደቅ» ይበቃል። «መከላከያ» ደግሞ መሣሪያው መውደቅን ያስቀራል ወይስ የወደቀውን ይይዛል የሚለውን አይነግርም። እንግሊዝኛው ለሁለተኛው የተጠቀመበት ግስ ፖሊስ ሌባ ሲይዝ ከሚባለው ጋር አንድ ስለሆነ «መውደቅን ማሰር» የሚል ትርጉምም አይተናል። ቀለበ ግን የተወረወረን ነገር መሬት ሳይነካ በአየር ላይ መያዝ ነው፤ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ከዳር ከልካይ»፣ ሁለተኛውን «ቀላቢ» ብንላቸው ሠራተኛው ያለ ማብራሪያ ይረዳቸዋል። ቀለብ ሰጠ ከሚለው ፍቺ ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ ቀርቦልናል፤ ማማ ላይ ሆኖ ስለ ስንቅ የሚያስብ ይኖራል ብለን ግን አንሰጋም።

አሁን ወደ ቀበቶ ደርሰናል። ቀበቶ በምሰሶ ሠራተኞች ዘንድ የቆየ መሣሪያ ነው፤ መጀመሪያ ያገለግል የነበረው ሠራተኛው ምሰሶውን ተደግፎ ሁለት እጁ ነፃ እንዲሆን ነው። ለዚህ ዛሬም ያገለግላል። ችግሩ የመጣው ያው ቀበቶ ቀላቢ ሆኖ መሥራት ሲጀምር ነው። ሰው ወድቆ በወገቡ ሲያዝ ኃይሉ ሁሉ በሆድና በጀርባ አጥንት ላይ ያርፋል፤ ተንጠልጥሎ ሲቆይም መተንፈስ ያቅተዋል፤ አለዚያም ከቀበቶው ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የግንባታ ደንብ ሠራተኛው ላይ የሚያርፈው ኃይል በቀበቶ ከሆነ ከ900 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4 ኪሎ ኒውተን፣ እንዳይበልጥ፤ መላ አካልን በሚይዘው መሣሪያ ከሆነ ግን እስከ 1,800 ፓውንድ፣ ማለትም 8 ኪሎ ኒውተን፣ ሊደርስ እንደሚችል ደነገገ። በዚያው ደንብ መሠረት ከጥር 1 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀበቶ በቀላቢነት እንዳያገለግል ተከለከለ። ዕቃው ተሻረ፤ ስሙ ግን አልተሻረም። በአገራችን የግንባታ ቦታዎች ዛሬም ሠራተኛው መላ አካሉን የሚይዘውን መሣሪያ ለብሶ «ሴፍቲ ቤልት አድርጌያለሁ» ሲል ይሰማል። ላሜራ፣ ፌሮና ቡሎን የሚሉትን ቃላት ያለ ችግር የተቀበለ ሠራተኛ ይህንንም ቢቀበል አያስነቅፈውም፤ ችግሩ ተርጓሚው ያንኑ ይዞ «የደኅንነት ቀበቶ» ሲል ነው። ያን ጊዜ አንባቢው አንድም የተሻረውን የወገብ ቀበቶ፣ አንድም የመኪና ወንበር ላይ ያለውን ያስባል።

ምትኩን ስንፈልግ «ትጥቅ»ን አየንና የጦር መሣሪያ ትርጉሙ ስለሚያይል ተውነው። የመረጥነው «ሙሉ ማንገቻ» የሚለውን ነው። ማንገት ሸክምን በትከሻ ማሳለፍ ነው፤ ጠመንጃ የሚያነግት ሰው ጠፍሩ በየት እንደሚያልፍ ያውቃል። መሣሪያው ጭንንም ስለሚይዝ ስሙ ሁሉን አይገልጽም፤ «ሙሉ» የተጨመረው ለዚህ ነው።

መልሕቅ ሦስተኛው ነው። አብዛኛው አንባቢያችን መልሕቅን የሚያውቀው ከሐዋርያት ሥራ ነው፤ መርከበኞች ወደ ባሕር ሲጥሉት ያነበበ ሰው የሚታየው ወደ ታች የሚወርድ ብረት ነው። በማማ ላይ ግን መልሕቅ የተባለው ከራስ በላይ መሆን አለበት። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ማያያዣ ከራስ በላይ ቢታሰር ሰው የሚወድቀው ጥቂት ነው፤ ከእግር አጠገብ ቢታሰር ግን አራት ሜትር ያህል ወድቆ ነው ገመዱ የሚከርረው። ከላይ በጠቀስነው የአሜሪካ ደንብ መሠረት የሚታሰርበት ቦታ ለአንድ ሰው 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም 22.2 ኪሎ ኒውተን፣ መሸከም ወይም ብቃት ባለው ሰው ተሰልቶ ከሚደርስበት ኃይል ሁለት እጥፍ መቻል አለበት። በማማ ላይ ይህን የሚችለው ዋናው ቋሚ ብረት ነው እንጂ በአንድ ቡሎን የተያዘ ሰያፍ ብረት አይደለም። እኛ «ጽኑ መታሰሪያ» የሚለውን ደግፈናል።

ስያሜዎቹ እንዲህ ከተለዩ የአዘረጋጉ ሥርዓት ራሱ ለማስረዳት አይከብድም። ቀድሞ የሚወጣው ሠራተኛ ገና ከላይ የተዘረጋ ገመድ ስለሌለው ሁለት ክንፍ ያለው ማያያዣ ይይዛል። አንዱን ክንፍ ከበላዩ ካለ ብረት ጋር ሳያያይዝ ሌላውን አይፈታም፤ እንዲህ እያፈራረቀ ይወጣል። ከላይ ሲደርስ ዝቅተኛ ልጥጠት ያለውን ገመድ ከጽኑ መታሰሪያ ጋር ያስራል፤ የብረቱ ጠርዝ ስለት ነውና ገመዱ በሚነካው ቦታ ሁሉ መከለያ ያደርግለታል። ከእርሱ በኋላ የሚወጡት በዚህ ገመድ ላይ እየተንሸራተተ አብሯቸው የሚወጣና ሲወድቁ ገመዱን ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ ከማንገቻቸው ጋር ያያይዛሉ፤ ይህን «ገመድ ጨባጭ» ብለነዋል። መታሰሪያው ከሠራተኛው ቀጥታ በላይ ካልሆነና ወደ ጎን ከራቀ፣ የወደቀው ሰው እንደ ዥዋዥዌ ተወርውሮ ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ረቂቁ ይህን «የፔንዱለም ክስተት» ብሎት ነበር። ዥዋዥዌ እያለ!

ከእግር በታች ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደሚያስፈልግም መመሪያው ያሰላል። በአውሮፓ ደረጃዎች መሠረት ማያያዣው እስከ 2 ሜትር፣ ግጭቱን የሚያለዝበው ክፍል ሲዘረጋ እስከ 1.75 ሜትር ነው፤ ማያያዣው ከተያዘበት የማንገቻው ቀለበት እስከ እግር 1.5 ሜትር ያህል፣ ለጥንቃቄ ደግሞ 1 ሜትር ሲጨመር ከመታሰሪያው በታች 6.25 ሜትር ይሆናል። ተርጓሚው «ከመሬት 6.25 ሜትር» ብሎ ጽፎ ነበር። በስሌቱ የሚቆጠረው ግን መጀመሪያ ሰውየው ሊመታው የሚችለው ነገር ነው፤ ይኸውም መሬት ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለው አግዳሚ ብረት ሊሆን ይችላል።

የተቀለበው ሰው ሥራው አላበቃም። በማንገቻ ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ የሚቆይ ሰው ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል፤ ስለዚህ ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት ማን እንደሚያወርደው መታወቅ አለበት። ይህን የሕክምና ጉዳይ ረቂቁ «የስቅለት ጉዳት» ይለዋል። ስቅለት በአማርኛ ያለው ፍቺ ለማንም ስለማይሰወር «የመንጠልጠል ሕመም» በሚለው ተክተነዋል።

ስምምነት ያልደረስንበት አንድ ቃል ቀርቷል፤ እርሱም ግጭቱን የሚያለዝበው ክፍል ስም ነው። ረቂቁ «ድንጋጤ መምጠጫ» ይለዋል፤ የሚመጥጠው ግን ድንጋጤን አይደለም፣ የወደቀውም ሰው መደንገጡ አይቀርም። መካኒኮች ለመኪናው አቻ ከጣልያንኛ የወረሱት «አሞርዛቶር» አላቸው፤ እርሱ ግን ተመልሶ ይሠራል፣ ይህኛው አንድ ጊዜ ካገለገለ ይጣላል። ከእኛ መካከል «ኃይል አብራጅ» የሚለውን የደገፉ አሉ። ማማ ላይ የሚሠራ አንድ ሰው ግን ጠይቀነው ዕቃውን በእጁ ይዞ ስፌቱን እያሳየ «እኛ ተተርታሪ ነው የምንለው» አለን። ዕቃው በእርግጥም የሚሠራው ስፌቱ እየተተረተረ ነው። በተመለሰው ረቂቅ ላይ የዚህን ቃል ቦታ ክፍት ትተነዋል፤ በዚህ ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ሌላ ስም የሰማ አንባቢ ቢጽፍልን እንቀበላለን።